ጊዜ የሚሰጥ ካንሰር

የማኅጸን በር ካንሰር ከብዙዎቹ ካንሰሮች የሚለየው ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ምልክት ስለሚሰጥ ነው። ምልክቱ ግን ሕመም ወይም ደም ስላልሆነ ሴቲቱ ራሷ አታውቀውም። በማኅጸኗ በር ላይ ያለ ጥቂት የሕዋስ ለውጥ ነውና የሚገኘው በምርመራ ብቻ ነው። የመከላከል አቅሟ ባልተዳከመ ሴት ይህ ለውጥ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከተደረሰበት ደግሞ በአንድ ቀጠሮ ሊወገድ ይችላል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 350 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች በዚህ በሽታ ሞተዋል፤ አብዛኞቹም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። በኢትዮጵያም ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ይኸው ካንሰር ነው። የሕክምና ምርምሩ ምን ላይ እንደደረሰ ማወቅ የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው፤ መፍትሔው በእጅ ያለ በሽታ ይህን ያህል እናቶችን ሊወስድብን አይገባም።

የማኅጸን በር የማኅጸን የታችኛው ጫፍ ነው፤ የወር አበባ የሚወርደውም፣ ሕፃን የሚወለደውም በእሱ በኩል ነው። የውጭ ገጹ በተነባበሩ ጠፍጣፋ ሕዋሳት፣ የውስጥ ቦዩ ደግሞ በአንድ ረድፍ ረዘም ባሉ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ድንበር ያሉት ሕዋሳት በሴቲቱ ዕድሜ ሁሉ ሲለዋወጡ ይኖራሉ። ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ጠባብ ቀለበት ነው።

ለውጡን ቀድሞ ማየት እንደሚቻል ካሳዩት ሰዎች መካከል ግሪክ ተወልዶ ኒው ዮርክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጊዮርጎስ ፓፓኒኮላው ስሙ ይነሣል። ከማኅጸን አካባቢ የተወሰደ ፈሳሽ በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት የካንሰር ሕዋሳትን ለየ። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1928 ቢያቀርብም ሰሚ ያገኘው በ1940ዎቹ ነው። ዛሬ በስሙ «ፓፕ» የሚባለው ምርመራ በሚገባ በተደራጀባቸው አገሮች የማኅጸን በር ካንሰርን በእጅጉ ቀንሷል። ነገር ግን ብዙ ነገር ይፈልጋል፤ ቤተ ሙከራ፣ የሠለጠነ ሕዋስ መርማሪ፣ ናሙናና ውጤት የሚያመላልስ ሥርዓት፣ በተጨማሪም ሴቲቱ ውጤቷን ለመስማት ተመልሳ መምጣት አለባት። ከገጠር ለግማሽ ቀን በእግሯ ተጉዛ ለመጣች ሴት ሁለተኛው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ የማይደረስበት ነው።

የበሽታውን መንስኤ ማወቅ ደግሞ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ተመራማሪዎች የሚጠረጥሩት የሄርፒስ ቫይረስን ነበር። ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን ግን የቆዳ ኪንታሮት በሚያመጣው በፓፒሎማ ቫይረስ (ኤችፒቪ) ቤተሰብ ላይ አተኮረ። ለዓመታት ተቀባይነት ባያገኝም ፍለጋውን አላቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1983 ከባልደረቦቹ ጋር ኤችፒቪ 16ን፣ በዓመቱ ደግሞ ኤችፒቪ 18ን ከካንሰር ናሙናዎች ለይቶ አወጣ። ሁለቱ ብቻ በዓለም ላይ ካሉት የማኅጸን በር ካንሰሮች 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ለዚህ ሥራው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ኤችፒቪ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ፣ አብዛኛው ሰው በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ የሚያገኘው ቫይረስ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ የተገኘባት ሴት የምታፍርበት ምንም ነገር የለም። ብዙውን ጊዜ ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያስወግደዋል፤ ችግር የሚያመጣው ሳይወጣ የቀረው ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ግን ለዚህ ካንሰር የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎች ሴቶች በስድስት እጥፍ ይበልጣል፤ የመከላከል አቅማቸው በሕክምና ካልተደገፈም ለውጡ ካንሰር ለመሆን ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ ሊበቃው ይችላል።

ቤተ ሙከራ በሌለበት ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ የተገኘው መልስ ከማእድ ቤት የራቀ አይደለም፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የአቼቶ ዋና ንጥረ ነገር ነው። ምርመራው እንዲህ ይሠራል። ሴቲቱ በአልጋው ላይ በጀርባዋ ትተኛለች። ነርሷ «አይዞሽ እህቴ፣ ሰውነትሽን ዘና አድርጊው» እያለች ስፔኩለም በሚባለው መክፈቻ የማኅጸኑን በር ወደ ዕይታ ታመጣለች። በብርሃን ካየችው በኋላ በፈሳሹ የራሰ ጥጥ ታስነካውና አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች። ጤናማው ክፍል ሮዝ ሆኖ ይቆያል። የተለወጡት ሕዋሳት ግን ኒውክለሳቸው ትልቅ፣ ፕሮቲናቸውም የበዛ ስለሆነ አሲዱ ሲነካቸው እሳት እንደነካው የእንቁላል ውኃ ይነጣሉ። በድንበሩ አጠገብ ጠርዙ የለየ ወፍራም ነጭ ምልክት ከታየ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው። ውጤቱን ነርሷ ያን ጊዜውኑ ትነግራታለች።

ይህ ቀላል ዘዴ ሕይወት ማዳኑ በትልልቅ ጥናቶች ተፈትኗል። በሙምባይ 150 ሺህ ያህል ሴቶች በተካተቱበት ጥናት መርማሪዎቹ ሐኪሞች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት በተመረመሩት ዘንድ በማኅጸን በር ካንሰር የሚደርሰው ሞት በ31 በመቶ ቀንሷል።

ለውጡ ከተገኘ ሕክምናውም በዚያው ቀን ይሰጣል። ቀድሞ በስፋት ይሠራበት የነበረው ክራዮቴራፒ ቦታውን በጋዝ አቀዝቅዞ የሚያከስም ሲሆን፣ ከባድ የጋዝ ሲሊንደር ማጓጓዝና መሙላት ለብዙ ጤና ጣቢያዎች ፈተና ሆኖ ቆይቷል። አሁን እየተተካ ያለው ቴርማል አብሌሽን በሚባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያው በእጅ ተይዞ በባትሪ ይሠራል። ጫፉ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግልና በማኅጸኑ በር ላይ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያርፋል፤ እንደ ለውጡ ስፋትም ይደገማል። ሴቲቱ የወር አበባ ዓይነት ቁርጠት ሊሰማት ይችላል፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ለጥቂት ሳምንታት ፈሳሽ ሊኖራት ይችላል፤ ቁስሉ እስኪድንም ከግንኙነት ትታቀባለች። ለውጡ ወደ ውስጥ ቦዩ የዘለቀ ወይም ካንሰር የሚያጠራጥር ከሆነ ግን ወደ ሆስፒታል ትላካለች።

በዐይን በማየት የሚደረገው ይህ ምርመራ ጉድለትም አለበት። በመርማሪው ልምድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሴት በዕድሜ ስትገፋም ድንበሩ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ አይታይም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገውን የዲኤንኤ ምርመራ አስቀድሟል። ሕንድ ውስጥ ኦስማናባድ በተባለ ወረዳ የተደረገና በ2009 የታተመ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ የኤችፒቪ ምርመራ ሞትን በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። የዚህ ምርመራ ሌላው ጥቅም ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ፣ ማንም ሳያያት መውሰድ መቻሏ ነው። በሐፍረት ምክንያት ከምርመራ የሚቀሩ ሴቶች ባሉበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክትባቱ ደግሞ ከሥሩ ይነቅለዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ኢያን ፍሬዘርና ጂያን ዡ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቫይረሱ የውጭ ፕሮቲን ለብቻው ተሠርቶ ቫይረስ መሰል ቅርፊት እንደሚሆን አሳዩ። ቅርፊቱ ባዶ ነው፤ በውስጡ የዘር ቅንጣት ስለሌለ ሊያሳምም አይችልም፤ ሰውነት ግን ቫይረሱን እንዲያውቅ ያስተምረዋል። የመጀመሪያው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2006 ፈቃድ አገኘ። እንግሊዝ ውስጥ በ12 እና በ13 ዓመታቸው እንዲከተቡ ዕድል ባገኙት ዘንድ የካንሰሩ መጠን በ87 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ መስጠት ጀምራለች። «ያመክናል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ማኅጸንን የሚያሳጣው ዘግይቶ የተገኘ ካንሰር ነው።

ዘግይተው የሚመጡትም አልተረሱም። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆኑ አምስት ጥናቶች ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ከጨረር ጋር ሲሰጥ ዕድሜ እንደሚጨምር አረጋገጡ። በ2024 የታተመው ኢንተርሌስ የተባለ ጥናት ደግሞ ከዚህ ሕክምና በፊት የስድስት ሳምንት ኬሞቴራፒ ሲጨመር ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ከ72 ወደ 80 በመቶ ከፍ እንደሚሉ አሳየ። የኬሞቴራፒው መድኃኒቶች ርካሽና የቆዩ መሆናቸው ለእኛ ዓይነት አገር ተስፋ ነው። ችግሩ ጨረሩ ላይ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ ሕሙማን ተራ በመጠበቅ ላይ እያሉ በሽታው ይገፋባቸው ነበር።

ቀድሞ ማግኘት ምን ያህል ውድ ዕድል እንደሆነ የሚያሳየን የእንቁላል እጢ ካንሰር ነው። በብሪታንያ ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ካንሰሩን ቀድሞ ለማግኘት ሞክሮ፣ በ2021 በታተመው ውጤት ሞትን መቀነስ አልቻለም። ለዚያ ካንሰር ሳይንስ ገና በፍለጋ ላይ ነው፤ ለማኅጸን በር ካንሰር ግን መንገዱን ከፍቶልናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2030 ያስቀመጠው ግብ ግልጽ ነው፤ ከልጃገረዶች 90 በመቶው እስከ 15 ዓመታቸው እንዲከተቡ፣ ከሴቶች 70 በመቶው በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ ለውጥ ወይም ካንሰር ከተገኘባቸውም 90 በመቶው እንዲታከሙ ነው። ይህ ከየቤቱ ይጀምራል። ዕድሜሽ 30 ከሞላ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖሪ ከሆነ ደግሞ 25 ከሞላ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለማንኛውም ጉዳይ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ የማኅጸን በር ምርመራ ጠይቂ። ባሎችና ወንድሞችም ይህን ጥያቄ ለሴቶች ብቻ አትተዉት፤ ለትራንስፖርቱም፣ ልጅ ለመያዙም፣ ለማበረታታቱም እናንተ ታስፈልጋላችሁ።