ቋሚው የትኛው ነው?

ፖለቲካውን ለባለሙያዎቹ ትቼ፣ ዛሬ ከመሐንዲስነት ሙያዬ አንዲት ነገር ላካፍላችሁ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ የራሴው ስህተት ነው።

በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ ሁላችንም ሚሊኒየሙን በጉጉት ስንጠብቅ፣ ለምኖርበት ከተማ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የሚያትም ፕሮግራም ጻፍኩ። እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል ብዬ፣ 11 ቁጥርን በየቦታው አስገባሁ። ካሌንደሩ ታትሞ ከታደለ በኋላ አንድ አዛውንት ደወሉልኝ፤ «ልጄ፣ ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ አይደለም እንዴ? ጳጉሜን እኮ 6 ናት!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በዓሉ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር።

ላርም ስነሳ ሌላ ጣጣ ገጠመኝ። አንዱ 11 እንቁጣጣሽ ነው፤ ሌላው 11 የኖቬምበር ወር ተራ ቁጥር ነው። ስም የላቸውምና አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ።

የፕሮግራም ቋንቋዎች ለዚህ መድኃኒት አላቸው፤ «ቋሚ» ይባላል። ቁጥሩን አንድ ቦታ ብቻ ጽፈን ስም እናወጣለታለን። በሲ ፕላስ ፕላስ «ኮንስት»፣ በጃቫ «ስታቲክ ፋይናል» የሚሉት ቃላት ስሙ ላይ ቁልፍ ያደርጋሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሌላ ዋጋ ልስጠው ቢል ኮምፓይለሩ እምቢ ይላል። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ አንባቢው ቁጥሩ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ማረም ሲያስፈልግም የምንነካው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ቁልፉ እኔን ከስህተቴ ባላዳነኝ ነበር። 11ን ቋሚ ብዬ ባውጅ ኖሮ፣ ስህተቱን በቁልፍ መጠበቅ ይሆን ነበር። ስለዚህ ከማወጅ በፊት «ይህ በእርግጥ አይለወጥም?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ባሕረ ሐሳብ መልሱን አስቀምጦልናል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለ4 ስናካፍል፣ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። 5500፣ 4፣ የወሩ 30 ቀናትና 13ቱ ወራት ቋሚዎች ናቸው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 መሆኗና እንቁጣጣሽ በፈረንጅ የሚውልበት ቀን ግን በስሌት የሚገኙ ውጤቶች ናቸው። «11 ወይም 12» የሚለውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ በግሪጎሪያን አቆጣጠር 2100 ላይ ፌብሯሪ 29 ስለማይኖር፣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በዓሉ 12 ወይም 13 ላይ ይውላል።

ፕሮግራሙን በዚህ መልክ እንደገና ጻፍኩት። ከማሳተሜ በፊትም ለአዛውንቱ አሳየኋቸው፤ በጣታቸው ቆጥረው «አሁን ልክ ነው» አሉኝ። እነሆ እስካሁን አልተሳሳተም።

ቸር ይግጠመን!