ሥራ አመልክታችሁ በአድልዎ ከተከለከላችሁ

አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቼ፦ አመልክቶ አለመቀጠር ብቻውን አያስከስስም። ቀጣሪ የተሻለ ልምድ ያለውን መምረጥ ይችላል። ምክንያቱ ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ ጾታ ወይም የትውልድ አገር ከሆነ ግን ሕግ ተጥሷል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ኩባንያዎች ይመለከታል። የአነጋገር ዘዬም ቢሆን ላለመቅጠር በቂ ምክንያት የሚሆነው ሥራውን በእርግጥ የሚያውክ ሲሆን ብቻ ነው።

ምን ታደርጋላችሁ?

1. ማስታወቂያውን፣ ኢሜይሉንና የቃለ መጠይቁን ማስታወሻ አስቀምጡ።
2. በዚህ ሕግ ከመክሰሳችሁ በፊት ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ አቅርቡ። ክፍያ የለውም። የጊዜ ገደቡ 180 ቀን ነው፤ በብዙ ስቴቶች 300።
3. ከኮሚሽኑ የመክሰስ መብት ደብዳቤ ሲደርሳችሁ በ90 ቀን ውስጥ ክስ መሥርቱ።

ጊዜው ካለፈ እውነተኛ አቤቱታም ውድቅ ይሆናል። በደል ደርሶብኛል የምትሉ፣ ዛሬውኑ ጀምሩ።