ጨው ነው ወይስ ሶዳ?

መስቀል ፍላወር ካለ ሱቅ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ ገዝታችሁ፣ ስም ባልተጻፈበት ዕቃ ውስጥ ገለበጣችኋቸው እንበል። የቱ የቱ ነው? ቀምሶ መለየት ይቅር! የቱቦ መክፈቻው ኮስቲክ ሶዳም ነጭ ነው፤ ምላስ ያቃጥላል። እሱ ቤት ውስጥ ካለማ ሙከራውም ይቅር።

ከሌለ ግን ከየዱቄቱ ቆንጠር አድርጋችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ቤኪንግ ሶዳው አረፋ ያወጣል፤ የሎሚው አሲድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለቅ ያደርገዋል። የአፍዴራ ጨው ዝም ይላል፤ ሶዲየም ክሎራይድ እንዲህ የሚለቀው ጋዝ የለውም።

ችግሩ፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳም (ሶዲየም ካርቦኔት) በሎሚ አረፋ ያወጣል። እዚህ ላይ እርድ ይሻላል። በውሃ በጥብጡትና ዱቄቱን ጨምሩበት፦ ጨው ቢጫነቱን አይነካውም፣ ቤኪንግ ሶዳ ትንሽ ወደ ብርቱካናማ ይወስደዋል፣ የልብስ ሶዳ ግን ቀይ ቡናማ ያደርገዋል፤ አልካሊነቱ ይበረታላ።