ባቄላ በእንጦጦ ግርጌ

ባቄላ የደጋ ሰብል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ምድር፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ክረምቱ የማያጥርበት ቦታ ይስማማዋል። በአዲስ አበባ ከመገናኛና ከኮተቤ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣው የየካ መሬት በአብዛኛው በዚህ ከፍታ ውስጥ ነው። 3,000 ሜትር የሚያልፈው የሰንሰለቱ አናት ብቻ ሲሆን እዚያ ውርጩ አበባውን ስለሚመታው ገብስ ይሻላል። አገራችን በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ ስትጠቀስ ኖራለች። ይህን የሚያህል ሰብል ግን በከተማው ሰው ዘንድ ሲነሣ የምንሰማው ከሽሮ ጋር ብቻ ነው።

ተክሉን ቀርቦ ማየት ያስደስታል። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፤ ሲቆረጥ ውስጡ ባዶ ነው። እንደ አተር የሚጠመጠምበት ጅማት ስለሌለው ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አበባው ነጭ ሆኖ በሁለቱ ክንፎቹ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፤ ንብ ይወደዋል። ተክሉ ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም ንቦች ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው የአበባ ዱቄት ስለሚያመላልሱ አንዱ ዝርያ ከሌላው በቀላሉ ይደባለቃል። ሥሩን ነቅለው ቢያዩ ደግሞ ጥቃቅን እባጮች ያገኛሉ። አንዱን በጥፍር ሲሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ተክሉን ይመግባሉ። ገበሬው ሳይንሱን ሳይጠብቅ ይህን አውቆታል፤ ባቄላ የነበረበትን መሬት በማግስቱ ዓመት ለስንዴ ወይም ለገብስ ያውለዋል።

ዘሩ የሚዘራው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ እሸቱ በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳል፤ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ከባዱ ፈተና አፈሩ ነው። በተራራው ተዳፋት ያለው ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሚሆን ኖራ ካልተጨመረበት ባቄላው ይቀጭጫል። ሜዳው ላይ ያለው ኮትቻ ደግሞ ውሃ ይቋጥርና ሥሩን ያበሰብሳል፤ መደብ ሠርቶ ውሃውን ማጠንፈፍ የግድ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ሰብል ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራ ሲሆን፣ ኮትቻን የሚቋቋመው «ዋልኪ» እና ትልቅ ፍሬ ያለው «ጎራ» ከወጡት ዝርያዎች መካከል ናቸው። ትልቅ ፍሬ ለውጭ ገበያ ይመረጣል። ለሽሮና ለቆሎ ግን የአገሬው ደቃቅ ባቄላ እንዳይረሳ እሰጋለሁ፤ ለዘመናት ይህን ምድር የለመደው እሱ ነውና።

በሽታ አያጣውም። እርጥበት ሲበዛ ቅጠሉን ቡናማ ነጠብጣብ ይወርሰዋል። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬው «ቆርምድ» ያለው በሽታ ተነሥቷል፤ ቅጠሉ ይጠመዘዛል፣ ያብጣል፣ ኋላም ይደርቃል። እርሻውን ሙሉ በሙሉ ያጡ ገበሬዎች አሉ።

አጠቃቀሙ እጅግ ሰፊ ነው። በመስከረም መጨረሻ እሸቱ ወደ ከተማው ገበያ ሲገባ ሰው ከቅርፊቱ እየፈለፈለ ጥሬውን ይበላዋል። ሲደርቅ ቆሎ ይሆናል፣ ንፍሮ ይሆናል። ተቆልቶ ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ አሹቅ ነው፤ ሳይቆላ ተዘፍዝፎ ቀንበጥ እስኪያወጣ ከቆየ በቆልት ነው። ለጸሎተ ሐሙስ ከስንዴ ጋር የሚቀቀለው ጉልባንም ያለ ባቄላ ክክ አይሆንም። ከሁሉ የምደነቀው ግን በስልጆ ነው። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ይገባበትና ለቀናት ይብላላል፤ የሚወጣው ኮምጠጥ ያለ፣ አፍንጫ የሚከፍት የጾም ምግብ ነው። ቅቤና ሥጋ በሌለበት የጾም ወቅት ገበታው የሚጣፍጠው በእንዲህ ያለ የእናቶች ብልሃት ነው። በከተማው ቁርስ ቤቶች የሚቀርበው ፉልም ያው ባቄላ ነው፤ ይህ አበሳሰል ግን ከዓረቡ ዓለም የመጣ ነው።

ፍሬው ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ጤፍና ስንዴ የሚያንሳቸው ላይሲን ባቄላ ውስጥ ስለሚበዛ፣ እንጀራና ሽሮ አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሞላል። ጂ6ፒዲ የተባለ ኤንዛይም በተፈጥሮ ያነሰባቸው ሰዎች ግን ባቄላ፣ በተለይ እሸቱ፣ የደም ማነስ ሊያስከትልባቸው ስለሚችል ሐኪም ቢያማክሩ ይበጃቸዋል።

የየካ ማሳ ግን እየጠበበ ነው። የካ አባዶ ላይ እህል ይበቅልበት በነበረው ሜዳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ እርሻው ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ አቅጣጫ ርቋል። ቤት ለሚሹት ቤት ያስፈልጋቸዋል፤ በዚያ አልከራከርም። የሚያሳስበኝ ዘሩ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም ከየአውራጃው የተሰበሰበ የባቄላ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ይጠብቃል። ዘር ግን በማቀዝቀዣ ውስጥም ቢሆን እያረጀ ስለሚሄድ በየጊዜው ተዘርቶ መታደስ አለበት፤ ባቄላን ንብ ስለሚያዳቅለው ደግሞ እያንዳንዱ ዝርያ ከሌላው ርቆ መዘራት ይኖርበታል። ለዚህ ሰፊና ቀዝቃዛ መሬት ያስፈልጋል። የከተማው አስተዳደር በእንጦጦ ግርጌ ከቀረው እርሻ የተወሰነውን ለዚህ ሥራ ቢከልል እመኛለሁ።