የ«ለ» ክፍል ልጆች

በትምህርት ቤት አማካሪነት ስሠራ ከመምህራን አፍ የማይጠፋ አነጋገር አለ፦ «ሀዎቹ ይሻላሉ፤ ለዎቹ ግን አስቸግረውኛል።» ልጆቹ የተደለደሉት በምዝገባ ተራ እንጂ በችሎታ ወይም በጠባይ አይደለም። ጥር ሲደርስ ግን ልዩነቱ ለሁሉም በግልጽ ይታያል። ውጤቱ ዝቅ ብሎበት ቢሮዬ የመጣ አንድ ልጅ ደብተሩን ሳይከፍት «እኛ ለዎች ሒሳብ አይሆንልንም» አለኝ።

አንድ ፊደል ብቻ ይህን ያህል ልዩነት እንዴት ይፈጥራል? ሄንሪ ታጅፌል የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአለን ዊልክስ ጋር ባሳተመው ጥናት ሰዎች የስምንት መስመሮችን ርዝመት እንዲገምቱ አድርጓል። ለአንዳንዶቹ አራቱ አጫጭር መስመሮች «ኤ»፣ አራቱ ረጃጅሞች «ቢ» ተብለው ቀረቡ። ከኤዎቹ ረጅሙና ከቢዎቹ አጭሩ የሚበላለጡት ከአንድ ሴንቲሜትር ባነሰ ነበር፤ ፊደሉን ያዩት ሰዎች ግን ክፍተቱን አስፍተው ገመቱት። ፊደል ያልተሰጣቸው እንዲያ አላጋነኑም። መስመር ላይ ቂም የሚይዝ ሰው የለም። ጥላቻ ሳይኖር እንኳ ዓይናችን በስያሜ ይመራል ማለት ነው።

ታጅፌል ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ለፈረንሳይ ጦር ሲዋጋ በጀርመኖች ተማርኮ ፖላንዳዊነቱን በመደበቅ ተረፈ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለስ ግን ቤተሰቡ ከሞላ ጎደል አልቆ ነበር። ስለዚህ ሰውን በወገን መለየት ምን ያስከትላል የሚለው የሕይወቱ ጥያቄ ነበር።

በኋላም በብሪስቶል የ14 እና የ15 ዓመት ተማሪዎችን ለሁለት ከፈላቸው። የሠዓሊውን የክሌን ወይም የሠዓሊውን የካንዲንስኪን ሥዕል በመውደዳችሁ ነው ቢባሉም ምደባው በዕጣ ነበር። ከዚያ ለሌሎች ልጆች ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ ተጠየቁ፤ ለራሳቸው ምንም አይወስዱም። ሚዛናዊ ለመሆን የሞከሩ ቢኖሩም፣ ብዙዎቹ የወገናቸው ድርሻ ቢያንስ እንኳ ከሌላው እንዲበልጥ ወደማድረግ አዘነበሉ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው፤ ሌላው እንዳይበልጥ ብሎ የራስን ወገን መጉዳት።

እርግጥ በሕዝቦች መካከል ያለው መድልዎ ታሪክም፣ ጥቅምም፣ ሥልጣንም አለበት፤ በመስመርና በሥዕል ብቻ አይፈታም። ሆኖም በትምህርት ቤት መለያየቱን ለመጀመር ስያሜ ብቻ ሊበቃ ይችላል። እኛ አማካሪዎች የምንጠራው ብዙውን ጊዜ በክፍሎች መካከል ድብድብ ከተነሣ በኋላ፣ ለማስታረቅ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት፣ መምህሩ የሁለቱን ክፍል ውጤት ጮክ ብሎ ሲያወዳድር ነው።

መምህራን ሆይ፣ ክፍልን ከክፍል በልጆቹ ፊት አታወዳድሩ። ርዕሰ መምህራንም ልጆቹን በየዓመቱ ቀላቅላችሁ ደልድሉ።