በቤት የተሠራው የችግኝ መብራት

ነሐሴ ላይ በደሴ ከተማ ፀሐይ ብርቅ ናት። ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ይውላል፤ ጉሙ ገለጥ ሲል ደግሞ ዝናቡ ይከተላል። ለተዘራ ማሳ ይህ በረከት ነው። ችግኝ ለሚያፈላ ሰው ግን ፈተና ነው። ከቤት ውጭ የተደረደረውን ጨቅላ ችግኝ ዶፍና በረዶ ይመታዋል፤ ወደ ቤት የገባው ደግሞ ብርሃን አጥሮት ይመነምናል።

የምኖርበት ግቢ ባለቤት የቲማቲም፣ የቃሪያና የጥቅል ጎመን ችግኝ እያፈሉ በመሸጥ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ እናት ናቸው። ደንበኞቻቸው ዝናቡ ሲያቆም በመስኖ ለመትከል የሚዘጋጁ አትክልት አምራቾች ናቸው። ባለፈው ክረምት ቀብድ የተቀበሉበት ችግኝ በመስኮት ሥር እየተመዘዘ ወድቆባቸው፣ ገንዘቡን ለመመለስ ተገደው ነበር። ዘንድሮም ቀብድ ይዘዋል። ስለዚህ ተከራያቸው የሆንኩት እኔና በሰፈሩ ቴሌቪዥን የሚጠግን አንድ ወጣት ችግኝ የሚያሳድግ መብራት ራሳችን ለመሥራት ተነሣን። ለሁላችንም የመጀመሪያ ሙከራ ነበር።

አምፖል እያለ ለምን ሌላ መብራት?

እኚህ እናት በመጀመሪያ የጠየቁን ጥያቄ ተገቢ ነበር። ክፍሉ አምፖል አለው፤ ለዓይንም በቂ ብርሃን ይሰጣል። ነገር ግን ዓይናችን ከብርሃኑ መጠን ጋር ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱን በደንብ አያሳየንም። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን ወደ 100 ሺህ ሉክስ ሲጠጋ፣ በተራ አምፖል የበራ ክፍል ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሉክስ አያልፍም። ችግኝ ብርሃን ሲያጥረው ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፤ ግንዱ ይቀጥናል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ በመጨረሻም ራሱን መሸከም ያቅተዋል።

ተክል ምግቡን ለማዘጋጀት የሚጠቀምበት ብርሃን በአብዛኛው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ውስጥ ይገኛል። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ከሁሉም በላይ ሰማያዊውንና ቀዩን ብርሃን ይስባል። የኤል ኢ ዲ መብራት ለዚህ ሥራ የተመረጠው የሚፈለገውን ቀለም ለይቶ መስጠት ስለሚችልና ኤሌክትሪክ ስለሚቆጥብ ነው። በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠው ኤል ኢ ዲ እ.ኤ.አ በ1962 በኒክ ሆሎኒያክ ተሠራ። ደማቁን ሰማያዊ ያስገኙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ በ2015 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የነበሩ ጠፈርተኞች የበሉት ሰላጣም በኤል ኢ ዲ ብርሃን የበቀለ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ ተቃጠለ

ጥገና ቤቱ ውስጥ አሮጌ የላፕቶፕ ቻርጀር ነበር። 19 ቮልት ይሰጣል። አንድ ነጭ የኤል ኢ ዲ ፍሬ ለመብራት ከ3 እስከ 3.4 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ፣ ስድስቱን በተከታታይ ብናገናኛቸው ከ19 ቮልት ጋር ይጣጣማሉ ብለን አሰብን። በቆርቆሮ ላይ አጣብቀን አበራናቸው። ክፍሉ ቀን መሰለ። ብዙም ሳይቆይ ግን ቆርቆሮው በእጅ የማይነካ ሆነ፤ አንዷ ፍሬ ተቃጠለች፤ በተከታታይ የተያያዙ ስለነበሩ ሌሎቹም አብረው ጠፉ።

ስህተታችን ሁለት ነበር። አንደኛው የኃይል ምንጩ ነው። ኤል ኢ ዲ ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልቴጅ ይቀንሳል። ቻርጀሩ ግን ያንኑ 19 ቮልት መስጠቱን ስለሚቀጥል የሚያልፈው ከረንት ይጨምራል። ከረንቱ ሲጨምር ሙቀቱ ይብሳል፤ ሙቀቱ ሲብስ ከረንቱ እንደገና ይጨምራል። መፍትሔው ቮልቴጁን ሳይሆን ከረንቱን አንድ ልክ ላይ የሚይዝ ድራይቨር መጠቀም ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቆርቆሮው ነው። ኤል ኢ ዲ ቆጣቢ ቢሆንም ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ይህ ሙቀት ከትንሿ ፍሬ ጀርባ በፍጥነት ካልወጣ ፍሬዋ ትቃጠላለች፤ ወይም ዕድሜዋ ያጥራል። ስስ ቆርቆሮ ይህን ያህል ሙቀት አይሸከምም።

ሁለተኛው ሥራ

ለሁለተኛው ሙከራ ከተበላሸ ፓውዛ ላይ ክንፍ ክንፍ ያለውን ወፍራም የአሉሚኒየም ጀርባ ወሰድን። ሰባት ነጭና ሦስት ቀይ ፍሬዎችን መረጥን። እያንዳንዷ ፍሬ ከትንሽ የአሉሚኒየም ገበታ ጋር የመጣች ነበረች። ከገበታዋ ሥር ሙቀት አስተላላፊ ፔስት በስሱ ቀብተን በብሎን አሰርናት። በካውያ በየድናቸውና 600 ሚሊ አምፔር ከሚሰጥ ድራይቨር ጋር አገናኘናቸው።

እዚህ ላይ ገዢዎች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ፍሬዎቹ እያንዳንዳቸው 3 ዋት ተብለው የሚሸጡ በመሆናቸው መብራቱ በስም 30 ዋት ነው። ስንለካው ግን አሥሩ ፍሬዎች በድምሩ ወደ 28 ቮልት ወሰዱ፤ ይህም በ600 ሚሊ አምፔር ሲባዛ 17 ዋት ገደማ ነው። በድራይቨሩ የሚባክነው ሲጨመር ከሶኬት የሚወሰደው ወደ 20 ዋት ይሆናል። በቀን 14 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 8.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ኤሌክትሪኩ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ድራይቨሮች የሚያወጡትን ኃይል ከ220 ቮልቱ መስመር አይለዩትም። ቮልቴጁ 28 ነው ብሎ ሽቦውን በእጅ የሚነካ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ችግኝ ባለበት ደግሞ ውኃ አለ። ስለዚህ ጠጋኙ መስመሩን የሚለይ ድራይቨር መርጦ ውኃ በማይገባው ሣጥን ውስጥ ዘጋው፤ የአሉሚኒየሙን አካል ከመሬት ሽቦ ጋር አያያዘ፤ በመግቢያው ላይም ፊውዝ አደረገ። ውኃ ከመጠጣታቸው በፊት መብራቱ ከሶኬት እንዲነቀልም ተስማማን። ይህን ሥራ የኤሌክትሪክ ዕውቀት የሌለው ሰው ብቻውን ሊሞክረው አይገባም።

ችግኙ ምን አለ?

በአንድ ቀን ከተዘሩት ሦስት የቲማቲም ሳጥኖች አንዱን በመስኮት ሥር፣ ሁለቱን በመብራቱ ሥር አስቀመጥን። መብራቱ ከችግኙ ጫፍ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተሰቀለ፤ ችግኙ ሲያድግም አብሮ ከፍ ይል ነበር። መብራቱ ሲርቅ ብርሃኑ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ሲቀርብ ደግሞ ቅጠሉ ይነጣል ወይም ይኮማተራል። ከንጋቱ 12 ሰዓት በርቶ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ሌሊቱንም ይብራ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ሆኖም ቲማቲም ጨለማ ካላገኘ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጎዳል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመስኮቱ ችግኝ እንደ አምናው ቀጥኖ ተጋደመ። የመብራቱ አጭር፣ ግንደ ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ሁሉም ግን አልተሳካም። ከመብራቱ ሥር ከነበሩት ሁለት ሳጥኖች በአንዱ፣ አፈሩ አጠገብ ግንዱን የሚያጠቁርና የሚጥል በሽታ ገባ። ምክንያቱ ብርሃን ሳይሆን የበዛ ውኃና አየር የማይዘዋወርበት መደርደሪያ ነበር። መብራት የአጠጣጥ ስህተትን አያርምም።

የተረፈው ችግኝ በቀጥታ ወደ ማሳ አልወጣም። በቤት ውስጥ ያደገ ቅጠል ድንገት ፀሐይ ሲመታው ይቃጠላል። ስለዚህ ከሳምንት በላይ፣ መጀመሪያ በጥላ ሥር፣ ከዚያም በቀን ለተወሰነ ሰዓት በፀሐይ እንዲለማመድ ተደረገ።

ለማን ይጠቅማል?

እንዲህ ያለ መብራት እንደ ሆለታው ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል በቲሹ ካልቸር ለሚሠሩ ተቋማት የሥራው አካል ነው፤ በብልቃጥ ውስጥ ያለ ተክል ያለ መብራት አያድግም። ለጓሮ አምራች ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአገራችን የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ፀሐይም ያለ ክፍያ ይገኛል። ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ዝናብና በረዶ የሚከላከል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ዳስ ቢሠራ የተሻለ ያዋጣዋል። መብራቱ የሚያዋጣው ቦታ ለጠበበው፣ ያውም በክረምቱ ጥቂት የመጀመሪያ ሳምንታት ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ሳጥኑ ወደ መስኮት የሚጠጋበት ቦታ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባል።

መስከረም መጨረሻ ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲገፈፍ እኚህ እናት ከያዙት ቀብድ ግማሹን ያህል በችግኝ አወራረዱ፤ ሌላውን በገንዘብ መለሱ። አምና የመለሱት ሙሉውን ነበር። ለሚቀጥለው ክረምት ያቀዱት ሁለተኛ መብራት ማሠራት አይደለም፤ ለአንዱ መብራት የሚበቃ ችግኝ ብቻ በቤት አፍልተው፣ ለቀረው በግቢያቸው ጥግ የፕላስቲክ ዳስ ማቆም ነው። ጠጋኙ ወጣትም ምሰሶ ለማቆም ቃል ገብቶላቸዋል።