ያውቁ ኖሯል? የነገውን ተጫዋች በዛሬ ዋጋ

የዝውውር መስኮት ሲከፈት የደጋፊው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማንን ገዛን? አርሰን ቬንገር በአርሰናል በቆዩባቸው 22 ዓመታት ግን ገበያ የወጡት የዕለቱን ጉድለት ለመድፈን ብቻ አልነበረም። ልጁ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ገምተው ይገዛሉ፤ ከዚያም ይጠብቃሉ። የዛሬው አምዳችን ስለዚያ ግምትና ስለዚያ ትዕግሥት ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የዝውውር ዋጋዎቹም በጊዜው የተዘገቡት ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ቬንገር የመጀመሪያዎቹን ተጫዋቾች ያስገዙት ሥራቸውን ሳይጀምሩ ነው። በኦገስት 1996 ገና ጃፓን ውስጥ የናጎያ ግራምፐስ ኤይት አሰልጣኝ ነበሩ። አርሰናል ግን እሳቸው የጠቆሟቸውን ሁለት ፈረንሳውያን፣ ሬሚ ጋርድንና ፓትሪክ ቪዬራን፣ አስቀድሞ አስፈረመ። ቪዬራ የ20 ዓመት ወጣት ነበር፤ ኤሲ ሚላን በሊጉ ያሰለፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ዋጋው 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ። ዘጠኝ ዓመት ተጫውቶ፣ አምበል ሆኖ፣ ሦስት የሊግ ዋንጫ አንስቶ በ2005 ወደ ዩቬንቱስ ሲሄድ 13.75 ሚሊዮን ፓውንድ አስገኘ። ለአርሰናል ለመጨረሻ ጊዜ የመታት ኳስም በ2005 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ማንቸስተር ዩናይትድን የረቱባት ፍጹም ቅጣት ምት ናት።

ያውቁ ኖሯል? ሰውዬው በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አላቸው። ወላጆቻቸው በአልዛስ ግዛት ዱትለንሃይም በምትባል መንደር መጠጥ ቤት ነበራቸው፤ የመንደሩ የእግር ኳስ ቡድን የሚሰበሰበውም እዚያው ነበር። ሒሳብና ኳስ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲወራ ሰምተው ነው ያደጉት።

ያውቁ ኖሯል? ጆርጅ ዊሃን ወደ አውሮፓ ያመጡት ቬንገር ናቸው። ዓመቱ 1988፣ ክለቡ ሞናኮ፣ ላይቤሪያዊው አጥቂ የተገኘው ካሜሩን ውስጥ ከያውንዴው ቶኔር። ዊሃ በ1995 ባሎን ዶርን አሸነፈ። በ2018 የሀገሩ ፕሬዚዳንት ሲሆን ደግሞ አሮጌ አሰልጣኙን ሞንሮቪያ ጠርቶ የላይቤሪያን ከፍተኛ ኒሻን አጠለቀላቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ንግድ እንምጣ። በእኔ እምነት በፕሪምየር ሊግ ታሪክ ከዚህ የተሻለ የዝውውር ስሌት አልተሠራም።

በ1997 መጀመሪያ ቬንገር ኒኮላ አኔልካ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ከፓሪ ሰን ዠርመን በ500 ሺህ ፓውንድ ወሰዱ። ልጁ በሁለተኛው ዓመት ሊጉንና ኤፍ ኤ ካፑን በአንድነት ላነሳው ቡድን አጥቂ ሆነ። በ1999 ክረምት ልቡ ሸፈተ፤ ሪያል ማድሪድ ከ22 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፈለ። አርሰናል በዚያ ገንዘብ ምን አደረገ? ግማሹን ያህል፣ 11 ሚሊዮን ፓውንድ፣ አውጥቶ ዩቬንቱስ በክንፍ መስመር ላይ ያባከነውን ቲየሪ ሄንሪን ገዛ። የቀረው ለንደን ኮልኒ ለተሠራው አዲስ የልምምድ ማዕከል ዋለ። የማዕከሉ ወጪ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ነበር። አንድ ልጅ ሄደ፤ በእሱ ዋጋ አንድ አጥቂና ቡድኑ እስከ ዛሬ የሚሠለጥንበት ሜዳ መጣ።

ሄንሪ ደግሞ እንግዳ አልነበረም። በ1994 በ17 ዓመቱ ለሞናኮ ዋና ቡድን መጀመሪያ ያሰለፉት ራሳቸው ቬንገር ናቸው። አርሰናል ሲደርስ ከክንፍ አንስተው ፊት አቆሙት። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች ያለ ጎል አለፈ። ደጋፊው አጉረመረመ፤ ልጁ ራሱም በቦታው ለውጥ ተጠራጠረ። አሰልጣኙ ግን አልመለሱትም። በሴፕቴምበር ሳውዝሃምፕተን ላይ ተቀይሮ ገብቶ የመጀመሪያዋን አስቆጠረ፤ ያንን የውድድር ዓመት በ26 ጎል ጨረሰ። በ2007 ክለቡን ሲለቅ የነበረው ቁጥር 226 ነው። እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም።

ያውቁ ኖሯል? ቦታ መቀየር የቬንገር የተደበቀ ዝውውር ነበር። አማካይ ሆኖ ከማዮርካ የመጣው ካሜሩናዊ ላውረን የቀኝ መስመር ተከላካይ ሆነ። በሞናኮ ተከላካይ የነበረው ኤማኑኤል ፔቲ ከቪዬራ ጎን አማካይ ሆነ። ክንፍ ላይ የጀመረው ሮቢን ቫን ፐርሲ ዘጠኝ ቁጥር ሆነ። ለሌላው ክለብ የግራ እጅ ጓንት የሆነ ተጫዋች እሳቸው ዘንድ ሲመጣ ልኩን ያገኛል። ዋጋው ዝቅ ያለውም ሌላው ያላየውን ስላዩ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ኮሎ ቱሬ ነው። ኮትዲቩዋራዊው ልጅ በ2002 ከአሴክ ሚሞሳ ሲመጣ የተከፈለበት 150 ሺህ ፓውንድ ብቻ ነው። ሬይ ፓርለር ደጋግሞ እንደሚያወራው፣ በሙከራው ዕለት መጀመሪያ ሄንሪን፣ ቀጥሎ ዴኒስ ቤርካምፕን ጠልፎ ጣለ፤ ኳሷ ወደ አሰልጣኙ ስትሄድም ሮጦ እሳቸውኑ ከእግራቸው አነሳቸው። ቬንገር ቁርጭምጭሚታቸውን በበረዶ ይዘው እያነከሱ ሄዱ። ውሳኔያቸው ግን ይህን የመሰለ ፍላጎት ያለው ልጅ ይፈርም የሚል ነበር። ከዓመት በኋላ መሐል ተከላካይ አደረጉት። በ2009 ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሲሸጥ ያስገኘው ከመጣበት ዋጋ 90 እጥፍ በላይ ነው።

ይህንንስ? በ2003/04 አንድም የሊግ ጨዋታ ያልተሸነፈው ቡድን (26 አሸንፎ 12 አቻ የወጣው) ዘወትር የሚሰለፉት 11 ተጫዋቾቹ በድምሩ የተገዙት ከ50 ሚሊዮን ፓውንድ በታች ነው። ሶል ካምቤል ውሉ አልቆ ከቶተንሃም በነጻ ተሻገረ። አሽሊ ኮል የክለቡ አካዳሚ ልጅ ነው። ቤርካምፕ ከቬንገር በፊት የተገዛ ነው። በዚያ ክረምት ሮማን አብራሞቪች የያዘው ቼልሲ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲረጭ፣ አርሰናል ለዋና ቡድኑ ያመጣው ትልቅ ስም ግብ ጠባቂው የንስ ሌማን ነበር፤ ዋጋው 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል። ሌማን 38ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ።

ያውቁ ኖሯል? 30 ዓመት የሞላው ተጫዋች፣ በተለይ አማካይና አጥቂ ከሆነ፣ በቬንገር ዘመን የሚሰጠው የአንድ ዓመት ውል ብቻ ነበር። ቤርካምፕ እንኳ በየዓመቱ እያደሰ ነው እስከ 37 ዓመቱ የቆየው። ሮቤር ፒሬስ ረዘም ያለ ውል ፈልጎ በ2006 ወደ ቪያሪያል ሄደ። ሌሎቹን ግን ዕድሜያቸው ሳይገፋ ሸጧቸው፦ ፔቲ በ29፣ ቪዬራ በ29፣ ሄንሪ 30 ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው። በ2000 ባርሴሎና ለማርክ ኦቨርማርስና ለፔቲ በአንድነት 32 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፈለ። ፔቲ ከአንድ የውድድር ዓመት በላይ አልቆየላቸውም፤ ኦቨርማርስም በጉልበት ሕመም በ2004 ጫማ ሰቀለ። በኦቨርማርስ ቦታ የመጣው ፒሬስ 6 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? የኤምሬትስ ስታዲየም ሲሠራ አሰልጣኙም ከዋስትናው አንዱ ነበሩ። 390 ሚሊዮን ፓውንድ የፈጀው ሜዳ በ2006 ተከፈተ፤ ከ38 ሺህ መቀመጫ ሃይበሪ ወደ 60 ሺህ። ቬንገር በኋላ እንደተናገሩት አበዳሪዎቹ ባንኮች እሳቸው ለአምስት ዓመት እንዲፈርሙ ጠይቀዋል። ዕዳው እየተከፈለ በሻምፒዮንስ ሊግ መቆየት ግዴታ ነበር፤ ለዚያም ልጅ መግዛትና የበሰለውን መሸጥ። አርሰናል ለ19 ተከታታይ የውድድር ዓመታት ከሻምፒዮንስ ሊግ አልቀረም። እኛ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ተሰብስበን ዋንጫ በናፈቅንባቸው ዓመታት ሰውዬው ቤት እየሠሩ ነበር፤ ይህን ማየት የቻልን ጥቂቶች ነን።

ስሌቱ ያቆሰለበትን ቦታ ግን መሸፈን አልፈልግም። መሸጡ የሚያዋጣው ተተኪው በስሎ ሲጠብቅ ነው። በ2011 ሴስክ ፋብሬጋስ፣ ሳሚር ናስሪና ጌል ክሊሺ በአንድ ክረምት ሄዱ። ኦገስት 28 ኦልድ ትራፎርድ ላይ በማንቸስተር ዩናይትድ 8 ለ 2 ሽንፈት። ያንን የመሰለ ቀን ደጋፊ አይረሳም። በሦስት ቀን ውስጥ፣ መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ ፐር ሜርተሳከርና ሚኬል አርቴታ ተገዙ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከሁሉ የከፋው መጣ፦ በ2004 በ2.75 ሚሊዮን የተገዛው ቫን ፐርሲ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጠ። በገንዘብ አትራፊ ነበር። ቫን ፐርሲ ግን በ26 የሊግ ጎል ዋንጫውን ለተቀናቃኙ አነሳ። የ29 ዓመት ሰው ሸጦ ማትረፍ የሚቻለው ገዢው ባላንጣ ካልሆነ ነው።

በፍጥነት፦ በ2013 ለሊቨርፑሉ ሉዊስ ሱዋሬዝ የቀረበው ዋጋ 40 ሚሊዮን ከአንድ ፓውንድ ነበር፤ ሊቨርፑል አልሸጥም አለ። በዚያው መስኮት በመጨረሻዋ ቀን ሜሱት ኦዚል በ42.5 ሚሊዮን መጣ፤ ያኔ የክለቡ ሪከርድ ነው። የኮሎ ወንድም ያያ ቱሬ በ2003 ለአርሰናል በሙከራ ባርኔት ላይ ተጫውቶ ሳይፈርም ቀርቷል። ክሪስቲያኖ ሮናልዶም ወደ ዩናይትድ ከመሄዱ በፊት ለንደን ኮልኒን ጎብኝቷል።

ያውቁ ኖሯል? ዘጠኙን የድርቅ ዓመታት የሰበረችው ጎል የተገዛችው ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ2008 የካርዲፍ ሲቲው አሮን ራምዚ 17 ዓመቱ ነበር፤ ማንቸስተር ዩናይትድም ፈልጎታል። ቬንገር ለአውሮፓ ዋንጫ ስዊዘርላንድ ነበሩ። ልጁን ከቤተሰቡ ጋር በአውሮፕላን አስመጥተው፣ የሚያልፍበትን መንገድ ቁጭ ብለው አስረዱት። በ4.8 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ፈረመ። በ2010 ስቶክ ላይ እግሩ ተሰበረ። አገግሞ በውሰት ወደ ኖቲንግሃም ፎረስትና ወደ ካርዲፍ ተላከ። ከተመለሰም በኋላ ብዙ ደጋፊ “ይሸጥ” ይል ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በ2013/14 16 ጎል አገባ። ሜይ 17 ቀን 2014 በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ሀል ሲቲ በስምንት ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 መራ። ካዞርላ አንዷን መለሰ፤ ከአምስት ዓመት በፊት በፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረው ሎራን ኮሲየልኒ አቻ አደረገ። በ109ኛው ደቂቃ ራምዚ ጨረሰው። በ2017 ፍጻሜ ቼልሲን የረታችው ጎልም የእሱ ናት።

ያውቁ ኖሯል? ቬንገር አርሰናልን ከያዙ በኋላ ተወልዶ ለአርሰናል የተሰለፈው የመጀመሪያው ተጫዋች ኢትዮጵያዊ ስም አለው። ጌዲዮን ዘላለም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ውስጥ በጃንዋሪ 1997 ተወለደ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ኳስ ሲጫወት የአርሰናል መልማዮች አዩትና በ16 ዓመቱ ለንደን ገባ። ጃንዋሪ 24 ቀን 2014 በኤፍ ኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ፣ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ተቀይሮ ገባ። አርሰናል 4 ለ 0 አሸነፈ። አማካዩ በውሰት ለስኮትላንዱ ሬንጀርስ ተጫውቷል። በ2017 በዓለም ከ20 ዓመት በታች ዋንጫ ለአሜሪካ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ፤ የአርሰናል ጉዞውም ሳይሰምር ቀረ። እንደ ሄንሪና እንደ ራምዚ የሚጠበቅ ልጅ ሁሉ አይደርስም። መጠበቁ ግን ለእሱም ተሰጥቶታል፤ ስድስት ዓመት ያህል።

ያውቁ ኖሯል? በዚያች የ2011 የጭንቀት ሰዓት የተገዛው አርቴታ በዲሴምበር 2019 የአርሰናል አሰልጣኝ ሆነ።

የመጨረሻዋ እነሆ። ቬንገር አርሰናልን ለመጨረሻ ጊዜ የመሩት ሜይ 13 ቀን 2018 በሃደርስፊልድ ሜዳ ነው፤ 1,235ኛ ጨዋታቸው ነበር። አርሰናል 1 ለ 0 አሸነፈ። ጎሏን ያስቆጠረው ከአራት ወር በፊት በ56 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በዘመናቸው በተከፈለው ትልቁ ዋጋ፣ የመጣው ፒየር ኤምሪክ ኦባሜያንግ ነው።